በፔይንትቦል ማርከር ላይ የተጣበቀ ብሎን ማውጣት

የፔይንትቦል ማርከር በታመቀ ጋዝ ኃይል በቀለም የተሞላ ትንሽ ክብ እንክብል የሚተኩስ የጨዋታ መሣሪያ ነው። አብዛኞቹ ክፍሎቹ እርስ በርስ የሚያያዙት በጥርስ ነው። አፈሙዙ፣ የጋዝ ሲሊንደሩ፣ የቫልቭ መክደኛውና የእጀታው ብሎኖች በመዞር ይገባሉ፣ በመዞር ይወጣሉ። ከእነዚህ አንዱ በዝገት፣ በማጣበቂያ፣ በጋዝ ግፊት ወይም በተበላሸ ጥርስ ምክንያት አልፈታ ሲል የተጣበቀ ይባላል። ሥራው ከሌላ ማሽን ላይ ብሎን ከመፍታት የሚለየው በአንድ ዋና ነገር ነው፤ የተጣበቀው ክፍል ከፍተኛ ግፊት ያለው ጋዝ አፍኖ የያዘ ሊሆን ይችላል።

«ማርከር» የሚለው ስም የመጣው ከመሣሪያው የመጀመሪያ ሥራ ነው። ዴይዚ የተባለው ኩባንያ ለኔልሰን ቀለም ኩባንያ የሠራው ኔል-ስፖት 007 የሚቆረጡ ዛፎችንና ከብቶችን ከርቀት በቀለም ለመለየት ያገለግል ነበር። በዚሁ መሣሪያ የመጀመሪያው የፔይንትቦል ጨዋታ በ12 ሰዎች መካከል የተካሄደው በሄኒከር፣ ኒው ሃምፕሽር (አሜሪካ) በጁን 27 ቀን 1981 እ.ኤ.አ. ነው።

የመጣበቅ ምክንያቶች

የብዙ ማርከሮች አካል ከአሉሚኒየም፣ ብሎኖቹ ደግሞ ከብረት የተሠሩ ናቸው። ሁለት የተለያዩ ብረታ ብረቶች ተነካክተው ዝናብ ወይም ላብ ሲገባባቸው አነስተኛ የኤሌክትሪክ ጅረት ይፈጠራል፤ በዚህም አሉሚኒየሙ ይበላል። የሚፈጠረው ነጭ ዱቄት መሰል ኦክሳይድ ከዋናው ብረት የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ በጥርሶቹ መካከል እንደ ሽብልቅ ይወጠራል።

ሁለተኛው ምክንያት ሆን ተብሎ የሚቀባ የብሎን ማጣበቂያ ነው። የዚህ ዓይነቱን ማጣበቂያ፣ በተለምዶ ሎክታይት የሚባለውን፣ የፈለሰፈው በሃርትፎርድ የሚገኘው የትሪኒቲ ኮሌጅ ፕሮፌሰር ቨርነን ክሪብል ሲሆን ጊዜውም 1953 እ.ኤ.አ. ነበር። ፈሳሹ አየር በማያገኝበት ጠባብ ቦታ ብረት ሲነካ ይደርቃል። በሎክታይት አሰያየም ሰማያዊው በተራ የእጅ መሣሪያ የሚፈታ ሲሆን ቀዩ ግን ብዙውን ጊዜ ወደ 250 ዲግሪ ሴልሲየስ ካልሞቀ አይለቅም።

አንዳንዴ ደግሞ ብሎኑ ጨርሶ አልተጣበቀም፤ የተበላሸው ጭንቅላቱ ነው። በአሜሪካ የተሠሩ ብዙ ማርከሮች በኢንች የተለኩ ባለ ስድስት ጎን ቀዳዳ ብሎኖች አሏቸው። የአንድ ስምንተኛ ኢንች ቀዳዳ 3.175 ሚሊሜትር ነው። 3 ሚሊሜትር ቁልፍ ይገባበታል፤ ትንሽ ጠንከር ተብሎ ሲዞር ግን ማዕዘኖቹን ፍቆ ቀዳዳውን ክብ ያደርገዋል። በአንጻሩ 4 ሚሊሜትር ቁልፍና 5/32 ኢንች (3.97 ሚሊሜትር) ሊለዩ እስከማይችሉ ድረስ ይቀራረባሉ። አንዱ በመሥራቱ ሌላውም የሚሠራ የሚመስለው በዚህ ምክንያት ነው።

ጋዙን ማስወገድ

የታመቀ አየር ሲሊንደሮች በአብዛኛው እስከ 207 ወይም 310 ባር ይሞላሉ። የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲሊንደር በ20 ዲግሪ ሴልሲየስ 57 ባር ያህል ግፊት አለው፤ ሙቀቱ ሲጨምር ግፊቱም ይጨምራል። ስለዚህ ማንኛውም ቁልፍ ከመነሳቱ በፊት የዓይን መከላከያ ይደረጋል፣ የእንክብል መያዣው ይነሳል፣ ሲሊንደሩ ይፈታል፣ ከዚያም ማርከሩ ሰው ወደሌለበት አቅጣጫ ድምፁ እስኪጠፋ ድረስ ይተኮሳል። ሲሊንደሩ ከወጣ በኋላም በውስጥ የቀረው ጋዝ አንድ ክፍል አስፈንጥሮ ለማውጣት ይበቃል።

ይህ ቅደም ተከተል የማይሠራው የተጣበቀው ሲሊንደሩ ራሱ ሲሆን ነው። አደጋው ከሁሉም የከፋው እዚህ ላይ ነው። ሲሊንደሩ ሁለት የጥርስ መጋጠሚያዎች አሉት፦ አንዱ ቫልቩን ከሲሊንደሩ፣ ሌላው ቫልቩን ከማርከሩ ጋር ያያይዛል። ሁለቱም የሚፈቱት በአንድ አቅጣጫ ነው። ሰው ሲሊንደሩን በኃይል ሲያዞር ቀድሞ የሚለቀው የላላው መጋጠሚያ ነው። ቫልቩ ማርከሩ ላይ ቀርቶ ሲሊንደሩ ከቫልቩ ከተላቀቀ፣ በውስጡ ያለው ጋዝ በአንድ ጊዜ ወጥቶ ሲሊንደሩን እንደ ሮኬት ያስወነጭፈዋል። በ2004 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የሸማቾች ምርቶች ደህንነት ኮሚሽን ስለ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲሊንደሮች ማስጠንቀቂያ ያወጣው በዚህ ዓይነት አደጋ ሁለት ሰዎች ከሞቱ በኋላ ነው።

መከላከያው ቀላል ነው። በጥፍር ቀለም ወይም በሌላ ቀለም ከቫልቩ እስከ ሲሊንደሩ የሚደርስ አንድ መስመር ይሰመራል። ሲሊንደሩ ሲዞር ቫልቩም አብሮ ከዞረ መስመሩ እንዳለ ይቆያል። መስመሩ ከተሰበረ ቫልቩ ቆሞ ሲሊንደሩ ብቻ እየዞረ ነው ማለት ስለሆነ ማዞሩ ወዲያው ይቆማል፤ ዕቃውም ሲሊንደር ለመጠገን ለሠለጠነ ባለሙያ ይሰጣል።

ብዙ ጊዜ ሲሊንደሩን የሚይዘው ዝገት ሳይሆን ራሱ ግፊቱ ነው። ማርከሩ የጋዝ መዝጊያ ካለው መጀመሪያ እሱ ይዘጋል። ከሌለው ሲሊንደሩ የቫልቩ መርፌ እስኪዘጋ ድረስ በጥቂቱ ይዞርና ማርከሩ ይተኮሳል፤ በመካከል የታፈነው ጋዝ ሲወጣ ቀሪው ዙር በእጅ ይፈታል። ያም ካልሆነ ያለ እንክብል ደጋግሞ በመተኮስ ሲሊንደሩን ባዶ ማድረግ ይቻላል። በቧንቧ ቁልፍ ሲሊንደሩን ይዞ መታገል ግን የትኛውንም ችግር አይፈታም።

የማላቀቂያ ዘዴዎች

ጋዝ የሌለው ማርከር ላይ ሥራው ትዕግሥት የሚጠይቅ ተራ የጋራዥ ሥራ ነው። በኢትዮጵያ ጋራዦች ለዚህ የሚያገለግሉት ዕቃዎች ስማቸውን በብዛት ያገኙት ከጣሊያንኛ ነው፤ ብሎን፣ ካቻቢቴ፣ ሞርሳ፣ ትራፓኖና ሴጌቶ ሁሉም የዚያ ቋንቋ ውርስ ናቸው።

መጀመሪያ የብሎኑ ቀዳዳ ከደረቀ ቀለምና ከአሸዋ በመርፌ ይጸዳል፤ ልኩ የሆነ ቁልፍም እስከ መጨረሻው ይገባል። በትንሽ መዶሻ ቁልፉን ቀስ አድርጎ መምታት ኦክሳይዱን ይሰነጥቃል። ሰርጎ የሚገባ ዘይት ጠብ ተደርጎበት አንድ ሌሊት ማደሩም ይረዳል። ከመፍታት በፊት በጣም በጥቂቱ ማጥበቅ አንዳንዴ ከመፍታቱ ይልቅ ቀድሞ ያላቅቃል።

ሙቀት ጥሩ ውጤት የሚሰጠው አሉሚኒየም ከብረት ሁለት እጥፍ ያህል ስለሚለጠጥ ነው። በአንድ ዲግሪ የሙቀት ጭማሪ አንድ ሜትር አሉሚኒየም 23፣ ብረት ደግሞ 12 ማይክሮሜትር ገደማ ይረዝማል። ስለዚህ የአሉሚኒየም አካል ሲሞቅ በውስጡ ያለው የብረት ብሎን ይላላል። የአሉሚኒየም ክፍል በብረት ቀዳዳ ውስጥ ከሆነ ግን ውጤቱ ተቃራኒ ነው፤ ማሞቅ ይበልጥ ያጠብቀዋል። በቀይ ማጣበቂያ ለተያዘ ትንሽ ብሎን የኤሌክትሮኒክስ መበየጃ ጫፍ ጭንቅላቱ ላይ ማሳረፍ ይመረጣል፤ ብሎኑ ሳይቀዘቅዝ መፈታት አለበት። ከማሞቅ በፊት ባትሪው፣ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳውና የላስቲክ ቀለበቶቹ (ኦ-ሪንግ) ይወጣሉ። የጋዝ ሲሊንደር በምንም ዓይነት አይሞቅም።

ቀዳዳው ክብ ከሆነ በትንሹ የሚበልጥ ባለ ኮከብ ጫፍ በመዶሻ ይገባበታል፤ ወይም ጭንቅላቱ ላይ በሴጌቶ መስመር ተቆርጦ በካቻቢቴ ይፈታል። በግራ የሚዞር የትራፓኖ ፑንታም ብሎኑን እየቦረቦረ አብሮ ሊያወጣው ይችላል። የተሰበረ ብሎን ማውጫ የሚባለው ሾጣጣ መሣሪያ ለቀጭን ብሎን አይመከርም፤ በጣም ጠንካራ ግን ተሰባሪ ስለሆነ ውስጥ ከተሰበረ ተራ ፑንታ አይቆርጠውም።

አፈሙዝ ሲጣበቅ በላስቲክ ተጠቅልሎ በቀበቶ ቁልፍ ይዞራል። ሞርሳ ላይ ባዶውን ማሰር ስስ ግድግዳውን ያጎብጠዋል፤ ከዚያ በኋላ እንክብሎች በውስጡ ይሰበራሉ።

ከወጣ በኋላ

ዘይቱ በደንብ ታጥቦ መውጣት አለበት። የፔትሮሊየም ዘይት አንዳንድ የላስቲክ ቀለበቶችን ያሳብጣል፤ በከፍተኛ ግፊት የአየር መንገድ ላይ ከቀረም አየሩ በፍጥነት ሲታመቅ በሚፈጠረው ሙቀት ሊቀጣጠል ይችላል። የተጎዳ ጥርስ በልኩ በሆነ የጥርስ ማውጫ ይስተካከላል። ጨርሶ ካለቀ ቀዳዳው ሰፍቶ የሽቦ ጥቅልል ጥርስ ይገባበታል። ማጣበቂያ በድጋሚ የሚያስፈልገው በንዝረት ለሚላሉ ብሎኖች ብቻ ሲሆን ለነሱም ሰማያዊው ይበቃል።