ቫኒላው የሸፈነው ቀይ ሻይ

በቫኒላ የተቀመመ ሩይቦስ ሲቀዳ ቀድሞ የሚደርሰው መዓዛው ነው። ኩባያው ከአፍ ሳይደርስ ኬክ ቤት የገቡ ያህል ያውዳል። ሻይ መቅመስ የለመደ ሰው ግን እዚያ አያበቃም። በማንኪያ ይቀዳል፣ ከአየር ጋር ድምፅ እያሰማ ይስበዋል፣ አፉ ውስጥ ያዟዙረዋል። ያኔ ጉዱ ይወጣል፤ ምላሱ ላይ ስኳር የሚባል ነገር የለም። ጣፋጭ ያስመሰለው መዓዛው ብቻ ነው። አእምሮ ቫኒላን ከኬክና ከአይስክሬም ጋር ስለሚያውቀው፣ ያልቀመሰውን "ጣፈጠ" ይላል። ከመዓዛው ሥር ሲወረድ ደግሞ የደረቀ ሣር፣ የእንጨትና የማር ቃና ይገኛል። ሩይቦሱ ያ ነው።

በአውሮፓና በአሜሪካ ሱቆች "የዲዘርት ሻይ" ተብለው ከሚሸጡት፣ ካራሜል፣ ክሬም ወይም ቸኮሌት ከሚሸቱት መካከል ብዙዎቹ መሠረታቸው ይኸው ተክል ነው። (ሻይ ማለቱ ለአነጋገር ነው እንጂ የሻይ ቅጠል የለበትም።) ካፌይን ስለሌለው ከእራት በኋላ ቢጠጣ እንቅልፍ አይነሳም። ታኒኑ ትንሽ ስለሆነ ፍል ውሃ ውስጥ ተረስቶ ቢቆይ እንኳ አይመርም። የፈለጉትን መዓዛ ቢያለብሱት እሺ ይላል። ለባለ ሱቅ ከዚህ የተሻለ ቅጠል አይገኝም። ተክሉን ያገኘውና ያወቀው ሰው ግን ከዚህ ሁሉ ምን ደረሰው?

ሩይቦስ በአፍሪካንስ ቋንቋ "ቀይ ቁጥቋጦ" ማለት ነው። በደቡብ አፍሪካ፣ ከኬፕታውን በስተ ሰሜን በሴደርበርግ ተራሮችና አካባቢያቸው ይበቅላል። የኮይና የሳን ሕዝቦች ከተራራው ያጭዱት፣ ይቆራርጡት፣ ይቀጠቅጡት፣ እንዲብላላ ይከምሩት፣ ከዚያ ፀሐይ ላይ ያሰጡት ነበር። አረንጓዴው ቅጠል የሚቀላውና ያ የማር ቃና የሚመጣው በዚህ ሂደት ነው። ዛሬ ፋብሪካዎች የሚሠሩትም በመሠረቱ ይህንኑ ነው፤ መዶሻው በማሽን ተተካ እንጂ።

ከሩሲያ የተሰደደው ነጋዴ ቤንጃሚን ጊንስበርግ በ1904 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከተራራው ሰዎች እየገዛ መነገድ ጀመረ። ንግዱ ሲሰፋ ግን ችግር መጣ፤ የዱሩ ተክል አልበቃም፣ ዘሩም ቢዘሩት አልበቅል አለ። በ1930ዎቹ የክላንዊሊያም ከተማ ሐኪም የነበሩት ለ ፍራስ ኖርቲየር ዘሩን በወፍጮ ድንጋዮች መካከል አሻሽተው ቅርፊቱን በመጫር መላ አገኙለት። ታሪክ ስማቸውን መዝግቧል፤ ይገባቸዋልም። ቁልፉ ግን ዘሩ ከየት ተገኘ የሚለው ላይ ነው። የሩይቦስ ዘር ሲበስል ከቅርፊቱ ፈንድቶ አሸዋ ውስጥ ይጠፋል። እንደሚተረከው ሐኪሙ ለአንድ የክብሪት ሳጥን ዘር 5 ፓውንድ እከፍላለሁ ሲሉ አንዲት አሮጊት የኮይ ሴት ዘር የሚጎትቱ ጉንዳኖችን ተከትለው ጎሬያቸውን ቆፈሩ፤ ጎተራ ሙሉ ዘር አገኙ። የሐኪሙ ስም በየመጽሐፉ አለ። የአሮጊቷ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነገረው "አንዲት ሴት" ተብሎ ነው።

ከዚያ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት የእስያን ሻይ መንገድ ሲዘጋ ሩይቦስ ተፈላጊ ሆነ። በ1954 የአፓርታይድ መንግሥት ንግዱን የሚመራ የቁጥጥር ቦርድ አቋቋመ። መሬቱ በአብዛኛው በነጭ ገበሬዎች እጅ ነበር፤ ከኮይና ከሳን የሚወለዱት፣ ሕጉ "ከለርድ" ብሎ የመዘገባቸው፣ በአያቶቻቸው ተራራ ላይ የቀን ሠራተኛ ሆኑ።

የቫኒላውም ታሪክ ከዚህ አይሻልም። ቫኒላ የሜክሲኮ ኦርኪድ ነው። ፈረንሳዮች በሕንድ ውቅያኖስ ወዳለችው ሬዩኒዮን ደሴት ወስደው ተከሉት፤ አበበ፣ ፍሬ ግን አልሰጥ አለ። በ1841 ኤድሞንድ የተባለ የ12 ዓመት ባሪያ ልጅ በቀጭን እንጨትና በአውራ ጣቱ የአበባውን ወንዴና ሴቴ ክፍል ማገናኘት ቻለ። ዘዴው ወደ ማዳጋስካር ተሻገረ፤ ዛሬም የዓለም ቫኒላ በአብዛኛው የሚመረተው በዚሁ የእጅ ሥራ ነው። ፈረንሳዊው የዕፅዋት ሊቅ ዣን ሚሼል ክሎድ ሪሻር "እኔ ነኝ ያስተማርኩት" ብሎ ተነሳ። የሚገርመው፣ ለልጁ የተከራከሩለት ጌታው ራሳቸው ነበሩ። በ1848 ባርነት ሲሻር ኤድሞንድ አልቢየስ የሚል ሙሉ ስም ተሰጠው፤ በ1880 ግን ደኽይቶ ሞተ። ለዚያውም ርካሹ የዲዘርት ሻይ ውስጥ ያለው የልጁ ቫኒላ እንኳ ላይሆን ይችላል። በ1874 ጀርመናውያኑ ቲማንና ሃርማን መዓዛውን ከጥድ ዛፍ ከሚወጣ ንጥረ ነገር በኬሚስትሪ ሠርተውታል።

ጀርመን ለረጅም ዓመታት ዋነኛ የሩይቦስ ገዢ ነበረች። ቅጠሉ በጆንያ ሃምቡርግ ይደርሳል፤ እዚያ ቫኒላው ወይም ካራሜሉ ይጨመርበታል፣ ይታሸጋል፣ ስም ይወጣለታል። ገንዘቡ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ከተራራው እጅግ ርቆ።

ስሙ ራሱ እንኳ ሊሄድ ነበር። በ1994 አንድ ድርጅት "ሩይቦስ" የሚለውን ቃል አሜሪካ ውስጥ የንግድ ምልክቱ አድርጎ አስመዘገበ። ከዓመታት ሙግት በኋላ መብቱን የለቀቀው በ2005 ነው። የኢትዮጵያ መንግሥት የሲዳሞን፣ የሐረርንና የይርጋጨፌን ስም በዚያው አሜሪካ ለማስመዝገብ ያመለከተውም በዚሁ በ2005 ነበር፤ ክርክሩ ከስታርባክስ ጋር በስምምነት ያበቃው በ2007 ነው። የጤፍን የኔዘርላንድስ ፓተንት ለሚያስታውስ ሰው የሩይቦስ ነገር አዲስ አይሆንበትም። በ2021 የአውሮፓ ኅብረት ስሙ ከዚያው አካባቢ ለሚመጣው ተክል ብቻ እንዲውል መዘገበው።

ትልቁ ድል ግን የ2019ኙ ስምምነት ነው። የሳንና የኮይ ምክር ቤቶች "ዕውቀቱ የእኛ ነው" ብለው ለዓመታት ከተሟገቱ በኋላ ኢንዱስትሪው አመነ። አቀነባባሪዎች ለገበሬው ከሚከፍሉት ዋጋ ላይ 1.5 በመቶ አስበው ለሁለቱ ማኅበረሰቦች እኩል እንዲከፍሉ ተስማሙ። በ2022 የመጀመሪያው ክፍያ ከ12 ሚሊዮን ራንድ በላይ ነበር። በአፍሪካ እንዲህ አንድን ኢንዱስትሪ በሙሉ ያስፈረመ ስምምነት ብርቅ ነው፤ ሊመሰገን ይገባል።

ችግሩ ሂሳቡ የሚያዘው የት ላይ ነው የሚለው ነው። 1.5 በመቶው የሚታሰበው ከእርሻው በር በሚወጣው ጥሬ ቅጠል ዋጋ ነው። ቫኒላው ሲጨመር፣ ካርቶኑ ሲያምር፣ ዋጋው በእጥፍ ድርብ ሲያድግ የኮይና የሳን ድርሻ ባለበት ይቆያል። ሃምቡርግ ስምምነቱ ውስጥ የለችም።