ኦ-ዩ-ጂ-ኤች፦ የእንግሊዝኛ የፊደል ጥምረት

ኦ፣ ዩ፣ ጂ እና ኤች በዚሁ ቅደም ተከተል ተያይዘው በበርካታ የእንግሊዝኛ ቃላት ውስጥ ይገኛሉ። የጥምረቱ አነባበብ ከቃል ወደ ቃል ቢያንስ በስምንት መንገድ ስለሚለያይ፣ በቋንቋው አጻጻፍ ውስጥ የዚህን ያህል ተማሪን የሚያስቸግር ጥቂት ነው።

«ዞው» የሚለው ቃል «ምንም እንኳ» ማለት ነው። ከሁለተኛው ፊደል ቀጥሎ አር ሲገባበት «ትሩ» ተብሎ ይነበባል፤ ትርጉሙም በአንድ ነገር ውስጥ አልፎ፣ በመካከል ማለት ይሆናል። በኤች እና በአር መካከል ሌላ ኦ ቢጨመር «ተረ» ይባላል፤ የተሟላ፣ ጥንቃቄ የተሞላበት ማለት ነው። «ዞው» መጨረሻው ላይ ቲ ሲታከልበት «ቶት» ማለትም «አሰበ» ይሆናል፤ የመጀመሪያው ኤች ሲነሳለት ደግሞ «ተፍ» ማለትም ጠንካራ። «ትሩ» እና «ተረ» ቀድሞ አንድ ቃል ነበሩ።

ከሌሎቹ «ረፍ» ሻካራ፣ «ኢነፍ» በቂ፣ «ኮፍ» ሳል፣ «ዶው» ሊጥ፣ «ባው» የዛፍ ቅርንጫፍ ነው። ስቅታን የሚያመለክተው «ሂከፕ» በዚህ ጥምረት መጻፍ የጀመረው ሰዎች ከሳል ጋር ስላዛመዱት ነው፤ የቀደመው አጻጻፉ ግን በፒ ያበቃል።

ይህ ሁሉ መዘበራረቅ ምክንያት አለው። በጥንታዊው እንግሊዝኛ ከእነዚህ ቃላት በአብዛኞቹ ውስጥ ከጉሮሮ የሚወጣ፣ ለትግርኛው «ኸ» የሚቀርብ ድምፅ ይሰማ ነበር። ኖርማኖች በ1066 እንግሊዝን ከያዙ በኋላ ጸሐፍት ድምፁን በጂ እና በኤች መጻፍ ለመዱ። ከጊዜ በኋላ ድምፁ በአንዳንዱ ቃል ጠፋ፣ በሌላው ወደ «ፍ» ተለወጠ፤ አናባቢዎቹም በየፊናቸው ሄዱ። ዊልያም ካክስተን በ1476 በዌስትሚንስተር ማተሚያ ሲያቋቁም ለውጡ ገና አላለቀም ነበር፤ ኅትመት አጻጻፉን እያጸና ሲሄድ አነጋገሩ መለወጡን ቀጠለ። ጀርመኖች «አመጣ» ለማለት ዛሬም «ብራኽተ» ይላሉ፤ የእንግሊዝኛው ዘመድ «ብሮት» ድምፁን ጥሎ ፊደሉን ብቻ ይዟል። በአማርኛም ሀ፣ ሐ እና ኀ በግዕዝ የነበራቸውን ልዩነት አጥተው አንድ ሆነው ሲነበቡ፣ በጽሑፍ ግን ሦስቱም አሉ።

አጻጻፉን ለማቅለል የሞከሩ ነበሩ። ማረሻ የሚለው «ፕላው» በአሜሪካ በኦ እና በደብልዩ እንዲያበቃ የኖኅ ዌብስተር መዝገበ ቃላት ረድቷል። ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት በ1906 የመንግሥት ማተሚያ ቤት 300 ቃላትን በቀለለ አጻጻፍ እንዲያትም አዘዙ፤ «ዞው» እና «ትሩ» ከነዚህ ውስጥ ነበሩ። የአሜሪካ ሕግ አውጪ ምክር ቤት ስለተቃወመ ትእዛዙ በዚያው ዓመት ቀረ።

ለጀማሪ የሚበጀው በቲ ከሚያበቁት መነሣት ነው፤ «ቦት» ገዛ፣ «ብሮት» አመጣ፣ «ፎት» ተዋጋ፣ «ቶት» አሰበ፣ ሁሉም በአንድ ድምፅ ይነበባሉ። ከተለመዱት መካከል የሚያፈነግጠው ድርቅ ማለት የሆነው «ድራውት» ነው። የቀሩትን እያንዳንዳቸውን ከነድምፃቸውና ከነትርጉማቸው ማጥናት ያስፈልጋል።