እስረኛ ከሳሽ ሲሆን፦ ከውርርድና ከቁራኛ ዘመን እስከ ደባርቅ ችሎት



ስለ እስረኛ ስናወራ ብዙ ጊዜ የምናስበው የተከሰሰበትን ወንጀል ነው። እስረኛው ራሱ ከሳሽ የሚሆንበት ጊዜም ግን አለ። አባቱ ሲሞት ወንድሞቹ ውርሱን ያለ እሱ ይከፋፈላሉ። ያበደረውን ገንዘብ ተበዳሪው ይክዳል። ሱቁን በአደራ የተረከበው ሰው የራሱ ያደርገዋል። ይህ ሁሉ የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ነው። ክሱ መዝገብ ቤት ሲደርስ የመጀመሪያው ጥያቄ የዳኝነት ገንዘብ ነው፤ መጠኑም በሚጠየቀው ንብረት ዋጋ ያድጋል። ገቢ የሌለው እስረኛ ከየት ያምጣው? ዛሬ ይህን ጥያቄ ከዳባት፣ ከደባርቅና ከሰሜን ተራሮች ግርጌ ሆነን በታሪክ እንቃኛለን።

«ዳኝነት» የሚለው ቃል በጥንቱ አጠራር ፍርዱንም ለዳኛው የሚገባውንም ክፍያ ያመለክት ነበር። ተሟጋቾች በችሎት ፊት ይወራረዳሉ፤ አንዱ ማር ሲል ሌላው በቅሎ ወይም ፈረስ ይላል፤ የተረታው ውርርዱን ለዳኛ ይከፍላል። በቅሎ የሌለው ሰው ባለ በቅሎውን እንዴት አድርጎ ይወራረዳል? ከሳሽና ተከሳሽ ነጠላቸው ተቋጥሮ፣ ባለዕዳና አበዳሪም በአንድ ሰንሰለት ተቆራኝተው ወደ ዳኛ መሄዳቸው የዚያው ዘመን ሥርዓት ነው። የቁራኛን ነገር ብዙዎቻችን እንደ ቀልድ ሰምተነዋል። ለድሃው ግን ቀልድ አልነበረም።

በዚህ አካባቢ የሙስሊሙ ነገር የተለየ መልክ ነበረው። ከጎንደር ተነስቶ በወገራ፣ በደባርቅና በልማሊሞ ቁልቁለት ወደ አድዋና ምፅዋ የሚወርደው የሲራራ መንገድ በአብዛኛው የጀበርቲ ነጋዴዎች መንገድ ነበር። በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን፣ በ1668 እ.ኤ.አ.፣ በጎንደር የተሰበሰበው ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው በራሳቸው ሰፈር እንዲኖሩ ወሰነ። በደጋው ርስት ለሙስሊም የተዘጋ ነገር ስለነበር አባቶቻችን የሚካሰሱት በአብዛኛው በንግድ ዕዳ፣ በአደራና በተንቀሳቃሽ ንብረት ውርስ ነው ማለት ይቻላል። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 በአዲስ አበባ የወጣው ታላቁ የሙስሊሞች ሰልፍ እኩልነትን የጠየቀው ይህ ሁሉ ሸክም ስለነበረ ነው። በ1967 መሬት የሕዝብ ሲሆን ነው ሙስሊሙ ገበሬም የሚሟገትበት ማሳ ያገኘው።

የኛ የፊቅህ ሊቃውንት በዚህ ጉዳይ ምን አሉ? ነቢዩ ዩሱፍ (ዐ.ሰ) ንጉሡ ሲያስጠራቸው ከእስር ቤት ዘለው አልወጡም፤ መጀመሪያ ጉዳያቸው እንዲመረመር ጠየቁ። የአቡ ሐኒፋ ተማሪ የነበሩት ቃዲ አቡ ዩሱፍ (በ182 ሂጅራ ያረፉት) ለኸሊፋ ሃሩን አል-ረሺድ በጻፉት መጽሐፍ እስረኞች በሰንሰለት ታስረው መለመናቸው እንዲቀር፣ ቀለባቸውና ልብሳቸውም ከመንግሥት ግምጃ ቤት እንዲሰጣቸው መከሩ። ስለ ቃዲ ሥነ ሥርዓት የተጻፉ ኪታቦች ደግሞ፣ ከእነሱም የአል-ኸሳፍ ታዋቂ ነው፣ አዲስ ቃዲ ሥራ ሲጀምር አስቀድሞ የእስረኞችን ጉዳይ እንዲያይ ያዝዛሉ። ልብ እንበል! እስረኛው ወደ ቃዲው መድረስ ስለማይችል ቃዲው ወደ እስረኛው ይሄዳል።

ወደ አገራችን እንመለስ። ከጣሊያን መውጣት በኋላ በ1934 ዘመናዊ ፍርድ ቤቶች ሲቋቋሙ በዚያው ዓመት የሙስሊሞች ፍርድ ቤት አዋጅ ወጣ፤ በ1936ም የናኢባና የቃዲ ምክር ቤቶች አዋጅ ተከተለ። የዳኝነት ገንዘብ ደንብ በ1945 ተደነገገ። ያኔ ደባርቅ የሰሜን፣ ዳባት የወገራ አውራጃ መቀመጫ ነበሩ። በ1958 የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ሲወጣ የወረዳው ፍርድ ቤት እስከ 500 ብር፣ የማይንቀሳቀስ ንብረት ከሆነ እስከ 1000 ብር፣ የአውራጃው ደግሞ እስከ 5000 እና 10000 ብር የሚደርስ ክስ እንዲያይ ወሰነ።

የዛሬው ርዕሳችን ያለው በዚሁ ሕግ ውስጥ ነው። ከአንቀጽ 467 ጀምሮ «በድኽነት ክስ ስለማቅረብ» ይደነግጋል። የዳኝነቱን ገንዘብ በሙሉ ወይም በከፊል መክፈል የማይችል ሰው ያለውን ንብረት ከነግምቱ ዘርዝሮ ያመለክታል፤ ፍርድ ቤቱ አጣርቶ ከተቀበለው ክሱ ሳይከፈልበት ይቀጥላል። አመልካቹ ከረታ ገንዘቡ ከተረታው ወገን ሊጠየቅ ይችላል። ስለዚህ ነገሩ ስጦታ ሳይሆን እስከ ፍርዱ የሚቆይ ዕዳ ነው ብንል ይቀላል። ሐሳቡ በብዛት ከ1908ቱ የሕንድ ሕግ የመጣ ሲሆን፣ እንግሊዞች ድሃ በነጻ እንዲከስ የፈቀዱት በ1495 ነበር።

ሕጉ የሚጠይቀው ድኽነትን ብቻ ነው፤ ከሳሹ ይታሰር አይታሰር ለይቶ አያይም። በዚህ ረገድ ከአሜሪካው ይሻላል እንላለን። እዚያ በ1996 የወጣ ሕግ ድሃም ቢሆን እስረኛው የክስ ማስከፈቻውን ሙሉ በሙሉ ከእስር ቤት ሒሳቡ በየወሩ እየተቆረጠ እንዲከፍል አዟል፤ ክሶቹ ሦስት ጊዜ መሠረተ ቢስ ተብለው ከወደቁበትም፣ ለአካሉ የሚያሰጋ አደጋ ካልደረሰበት በቀር፣ ያ የክፍያ አመቻች እንኳ ይቀርበታል።

የኛው ችግር ሌላ ቦታ ነው። ማመልከቻው በመርህ ደረጃ በአመልካቹ በራሱ እንዲቀርብ ይፈለጋል። ድኽነቱን ለማስረዳት ከቀበሌ ወረቀት ማምጣት የተለመደ ነው። ከጃን አሞራ ወይም ከበየዳ መጥቶ ደባርቅ የታሰረ ሰው ያንን ወረቀት የሚያመጣለት ዘመድ ከሌለው ምን ያደርጋል? ይርጋው ደግሞ አይጠብቀውም። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1000 መሠረት ወራሽነትን የሚጠይቅ ሰው መብቱንና ንብረቱ በሌላ ሰው መያዙን ካወቀ ሦስት ዓመት ካለፈው ክሱ ውድቅ ይሆናል። አምስት ዓመት የተፈረደበት ወንድማችን ይህን ሳያውቅ ቆይቶ ሲፈታ የአባቱን ቤት በሌላ ሰው እጅ ያገኘዋል።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 37 ፍትሕ የማግኘት መብትን ለማንኛውም ሰው ሰጥቷል። አንቀጽ 21 ደግሞ እስረኛ በትዳር ጓደኛው፣ በዘመዶቹ፣ በሃይማኖት አማካሪውና በጠበቃው እንዲጎበኝ ይፈቅዳል። የሸሪዓ ፍርድ ቤት ለመረጡም ቢሆን፣ በፌዴራል ደረጃ የ1992ቱ አዋጅ 188 ሙግቱ በመደበኛው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት እንዲመራ ስላዘዘ የድኽነቱ አንቀጽ የሚያገለግለው ለመደበኛው ችሎት ብቻ ነው ብለን መተው የለብንም። ማረሚያ ቤት ዘመድ የምትጠይቁ ወጣቶች ስንቅ ይዛችሁ ስትሄዱ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ውጭ የቀረ የውርስ ወይም የዕዳ ጉዳይ አለህ? ካወቅኸውስ ስንት ዓመት ሆነው? ጊዜው ካላለፈ ለቅርብ ዘመድ ውክልና ይስጥ፣ የቀበሌው ወረቀት ይውጣ፣ ማመልከቻው ከነንብረት ዝርዝሩ ይጻፍ። ለማርቀቁ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤትን ነጻ የሕግ ድጋፍ መጠየቅ ይቻላል።