ለሰማይ የተሠራው ሞተር በሁለት ጎማ ላይ

ጥር 16 ቀን 1899 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 24 ቀን 1907) ነው። ቦታው አሜሪካ፣ ፍሎሪዳ ግዛት፣ ኦርመንድ ቢች የተባለው የባሕር ዳርቻ። አንድ የ28 ዓመት ሰው በጠንካራው አሸዋ ላይ አንድ እንግዳ ነገር እየገፋ ቀረበ። ከሩቅ ሲያዩት ሞተር ሳይክል ነው፤ ሁለት ጎማ፣ መሪና መቀመጫ አለው። ቀረብ ሲሉ ግን በጎማዎቹ መካከል ያለው ሞተር ስምንት ሲሊንደር አለው። በዚያ ዘመን አብዛኞቹ ሞተር ሳይክሎች የነበራቸው አንድ ወይም ሁለት ሲሊንደር ብቻ ነበር።

ሰውየው ግሌን ከርቲስ ይባላል። ትምህርቱ ከስምንተኛ ክፍል አላለፈም። በኒውዮርክ ግዛት ሃሞንድስፖርት በምትባል ትንሽ ከተማ ብስክሌት ሲሸጥና ሲጠግን ቆይቶ፣ ኋላ ላይ ብስክሌቶቹ ላይ ሞተር መግጠም ጀመረ። ሞተሮቹ ቀላልና የማያስቸግሩ ስለነበሩ ስሙ ቶሎ ወጣ።

ታዲያ ስምንት ሲሊንደር ለምን አስፈለገው? እንዲህ ያለ ሞተር ሳይክል ስጠን ያለው ገበያ አልነበረም። መልሱ ያለው ሰማይ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1904 ቶማስ ባልድዊን የተባለ ሰው ካሊፎርኒያ አሮው በሚላት፣ በጋዝ በምትንሳፈፍ የአየር መርከቡ ላይ የከርቲስን የሞተር ሳይክል ሞተር ገጥሞ ተሳክቶለት ነበር። የአየር ሰዎች ትልቁ ችግራቸው ክብደት ነው። ጉልበት ያለው ሞተር ይከብዳል፣ ቀላሉ ደግሞ ጉልበት የለውም። ከርቲስ ለዚህ ችግር መፍትሔ እንዲሆን በአየር የሚቀዘቅዝ፣ 40 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ሠራ። የሚሞክርበት አውሮፕላን ግን አልነበረውም። ስለዚህ በሚያውቀው ነገር ላይ ገጠመው።

መግጠሙ ቀላል አልነበረም። በጊዜው የተለመደው ቺንጋ ያንን ጉልበት አይችለውም። ስለዚህ የሞተሩ ኃይል በብረት ዘንግ በቀጥታ ወደ ኋላ ጎማ እንዲሄድ ተደረገ። ሻንሲውም ሞተሩን እንዲይዝ ረዝሞ ተሠራ።

ከርቲስ ፊቱን ወደ መሪው ደፍቶ ለቀቀው። አንድ ማይል በ26.4 ሰከንድ ጨረሰ፤ በሰዓት 219 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። ከአንድ ዓመት በፊት በዚያው ዳርቻ የስታንሊ የእንፋሎት መኪና የሮጠው 205 ኪሎ ሜትር ነበር። ጋዜጦች ከርቲስን የምድራችን ፈጣኑ ሰው አሉት።

ሁለተኛው ሩጫ ላይ ግን የዘንጉ ክሮቼራ ተሰበረ፣ ሻንሲውም ተጣመመ። ከርቲስ እንደምንም ተቆጣጥሮ በሕይወት አቆመው። የመልሱ ሩጫ ስላልተሟላ ፍጥነቱ በይፋ መዝገብ ላይ አልሰፈረም። ሆኖም በሞተር ሳይክል ከዚያ የፈጠነ ሰው እስከ 1930 አልተገኘም።

አሁን ፍርዱን እንስጥ። እንደ ሞተር ሳይክል ከተመዘነ ይህ ነገር ከሽፏል። አንድ ቀን ሮጦ ተሰበረ፣ አልተሸጠም፣ ክብረ ወሰኑም አልጸደቀም። ጎረቤት ቢያየው «ምን ሊሆነው ነው?» ማለቱ አይቀርም። ነገር ግን የተሰበረው ምኑ እንደሆነ ልብ በሉ። ዘንጉ ተሰበረ፣ ሻንሲው ተጣመመ፤ ሞተሩ ግን ሥራውን ሠርቷል። ከርቲስ ሊያውቅ የፈለገው ደግሞ ስለ ሞተሩ ነበር።

በዚያው ዓመት መኸር የስልኩ ፈጣሪ አሌክሳንደር ግርሃም ቤል ባቋቋመው የበረራ ማኅበር ውስጥ ከርቲስ አባል ሆነ። ጁላይ 4 ቀን 1908 ጁን በግ የተባለችውን አውሮፕላን በሃሞንድስፖርት፣ አስቀድሞ በተጠራ ሕዝብ ፊት ከ1.5 ኪሎ ሜትር በላይ አብርሮ የሳይንቲፊክ አሜሪካን መጽሔትን ዋንጫ ወሰደ። አውሮፕላኗን ያነሳት ስምንት ሲሊንደር ያለው፣ 40 የፈረስ ጉልበት የከርቲስ ሞተር ነበር።

ይህ ማለት ድፍረት ሁሉ ያዋጣል ማለት አይደለም። በብስክሌት ላይ የእንፋሎት ሞተር የገጠመው ሲልቬስተር ሮፐር እ.ኤ.አ. በ1896 በማሳቹሴትስ የብስክሌት መሮጫ ላይ የራሱን ሥራ ሲሞክር ወድቆ ሞቷል፤ ዕድሜው 72 ነበር። ከርቲስም ከሞት የተረፈው ለጥቂት ነው። ቢያንስ ግን ሙከራውን ሰው በሚመላለስበት መንገድ ላይ ሳይሆን ባዶ አሸዋ ላይ አድርጎታል፤ ለስህተቱ ሌላ ሰው እንዲከፍል አላደረገም።

ጋራዥ ውስጥ ከቦታው ውጭ የተገጠመ ሞተር ሲታይ መሳቅ ይቀላል። ከመሳቅ በፊት ግን ሠሪው ምን ለማወቅ እንደፈለገ መጠየቅ ይሻላል። የከርቲስ ሞተር ሳይክል ዛሬም አለ። የሚገኘው በስሚዝሶኒያን ብሔራዊ የአየርና የጠፈር ሙዚየም ስብስብ ውስጥ፣ ከአውሮፕላኖች ጋር ነው።