ድህነት ከስንት ይጀምራል? ጠርዝ የሌለው ሒሳብ ታሪክ

እስቲ ለአንድ ከሰዓት የቀበሌ ኮሚቴ አባል ሁኑ። ከወረዳ የተላከላችሁ ኮታ የ240 ሰው ነው፤ በየቤቱ ስድስት ሰው ቢኖር 40 ቤተሰብ ማለት ነው። ስማቸው የተያዘው ቤተሰቦች ግን 70 ናቸው። መመሪያው ደግሞ ቁርጥ ያለ ነው፦ በዓመት ሦስት ወርና ከዚያ በላይ የምግብ ክፍተት ያለበት ቤተሰብ ይመዝገብ ይላል። የአንዷ እናት ጎተራ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ሦስት ወር ሙሉ ባዶ ነው። ትገባለች። ጎረቤቷ ቤት እህል የሚጠፋው ለሁለት ወር ከሃያ ቀን ነው። እሷንስ ምን ትሏታላችሁ? «አስር ቀን ጎደለሽ፣ ስለዚህ ችግረኛ አይደለሽም»?

የኮታውንና የቤተሰቦቹን ቁጥር ለምሳሌ ያመጣሁት ነው። የሦስት ወሩ መስመር ግን የምሬን ነው፤ በአገራችን ብዙ ሚሊዮን ሰው የተለካበት መስፈርት ነውና መጨረሻ ላይ እንመለስበታለን። ከዚያ በፊት ግን ከባኩ የሚነሳ አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። (ዓመቶቹን የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ የእኛን ስጠቀም ዓ.ም. እላለሁ።)

ሎትፊ ዛዴህ በ1921 በአዘርባጃኗ ባኩ ተወለደ። አባቱ ኢራናዊ ጋዜጠኛ፣ እናቱ የሕፃናት ሐኪም ነበሩ። አስር ዓመት ሲሆነው ቤተሰቡ ወደ ቴህራን ሄደ። በ1942 ከቴህራን ዩኒቨርሲቲ በኤሌክትሪክ ምህንድስና ተመርቆ ወደ አሜሪካ ተሻገረና ከ1959 ጀምሮ በካሊፎርኒያው በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ አስተማረ። በ1965 «ፈዚ ሴትስ» የሚል አጭር ጽሑፍ አወጣ። ፈዚ ማለት ጠርዙ ያልለየ፣ ድብዝዝ ያለ ማለት ነው። እኛም እንግዲህ ፈዚ ስብስብ እንበለው።

ስብስብን ከትምህርት ቤት ታውቁታላችሁ። 4 የሙሉ ቁጥር ስብስብ አባል ነው፣ ግማሽ አይደለም፣ በቃ። አባል መሆን 1፣ አለመሆን 0። ዛዴህ ግን ጽሑፉን ሲጀምር የጠየቀው ስለ ሌላ ዓይነት ስብስቦች ነው፤ «ረጃጅም ሰዎች»፣ «ከ1 እጅግ የሚበልጡ ቁጥሮች» ስለመሳሰሉት። 10 ከ1 እጅግ ይበልጣል? ነው እንዳንል ይከብዳል፣ አይደለም እንዳንልም ይከብዳል። እሱ ያቀረበው መላ ሲሰሙት በጣም ቀላል ነው፦ አባልነት በ0 እና በ1 መካከል ማንኛውንም ቁጥር ይያዝ። አንድ ሰው የረጃጅሞች ስብስብ ውስጥ 0.7 አባል ቢሆን ምን ችግር አለው?

እዚህ ላይ ብዙ ሰው «ይሄማ ፕሮባቢሊቲ ነው» ይላል። አይደለም። አስር ቃሪያ ቀርቦላችሁ ሰባቱ የሚያቃጥሉ ናቸው ቢባል አንዱን አንስታችሁ ስትገምጡ የማቃጠሉ ዕድል 0.7 ነው። ከገመጣችሁት በኋላ ግን ዕድል የሚባል ነገር የለም፤ ወይ አቃጥሏል ወይ አላቃጠለም። አሁን ደግሞ አንድ ቃሪያ ብቻ ይዛችሁ እየበላችሁ ነው እንበል። የማታውቁት ነገር የለም፣ ምላሳችሁ ላይ ነው። «ያቃጥላል?» ስትባሉ «አዎ፣ ግን እንደ ሚጥሚጣ አይደለም፣ ደህና ነው» ትላላችሁ። የፈዚው 0.7 ይሄኛው ነው። የሚለካው አለማወቃችንን ሳይሆን የነገሩን መጠን ነው።

ሐሳቡ በደስታ አልተቀበሉትም። በመቆጣጠሪያ ምህንድስና ዓለም ትልቅ ስም ያለው ሩዶልፍ ካልማን በ1972 በአንድ ጉባኤ ላይ ዛዴህ ባለበት አብጠለጠለው። ሳይንስ እንዲጠራ ስንደክም ጭራሽ ድብዝዝነትን ልናስተምር ነው እንዴ፣ የሚል ነበር የነቀፌታው መንፈስ። ነቀፌታውን ያበረደው ክርክር ሳይሆን ማሽን ነው። በታንዛኒያ ተወልዶ በህንድ የተማረው ኢብራሂም ማምዳኒ በ1974 ለንደን ውስጥ ከተማሪው ከአሲሊያን ጋር አንዲት ትንሽ የእንፋሎት ሞተር «ግፊቱ ትንሽ ዝቅ ካለ ሙቀቱን ጨመር አድርግ» በመሰሉ የቃል ትእዛዞች ተቆጣጠራት። በ1987 ደግሞ የጃፓኗ ሰንዳይ ከተማ የምድር ባቡር በዚሁ ዘዴ እየተነዳ ሥራ ጀመረ። ከዚያ በኋላ ልብስ ማጠቢያውም ካሜራውም «ፈዚ» ሆነ።

ለእኛ ጉዳይ ግን ባቡሩን ልተወውና አምስት ዓመት ብቻ ልራመድ። በ1970 ዛዴህ ከሒሳብ ሊቁ ከሪቻርድ ቤልማን ጋር ሆኖ በድብዝዝ ሁኔታ ውስጥ እንዴት እንደሚወሰን የሚያሳይ ጽሑፍ አሳተመ። የመንግሥት ውሳኔ ሁሉ ግብ አለው፣ ገደብም አለው። ብዙ ሰው ይጠቀም፤ ወጪው አይብዛ። «ብዙ» ስንት ነው? «አይብዛ»ስ? ሁለቱም ድብዝዝ ናቸው። ሁለቱ ሊቃውንት ያሉት እንዲህ ነው፦ ግቡንም ገደቡንም እኩል እንደ ፈዚ ስብስብ ቁጠሩት፤ እያንዳንዱን አማራጭ ከሁለቱ ባነሰው ነጥቡ መዝኑት፤ ከዚያ ትልቅ የሆነውን ምረጡ።

ወረዳው አንድ የውሃ ጉድጓድ ሊያስቆፍር ነው እንበል፤ ቦታዎቹ ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው ሕዝብ በመጥቀም 1፣ በወጪ 0.4 አገኘ። ሁለተኛው 0.6 እና 0.7። ሦስተኛው 0.3 እና 0.9። አማካይ ካወጣችሁ አሸናፊው የመጀመሪያው ነው፣ 0.7። በቤልማንና በዛዴህ መንገድ ግን ነጥቦቹ 0.4፣ 0.6 እና 0.3 ይሆናሉና ሁለተኛው ቦታ ይመረጣል። አያችሁ፣ ቁጥሮቹ አልተቀየሩም፤ የተቀየረው የመደመሪያው ሕግ ነው። አማካይ «አንዱ ቢጎዳም ሌላው ይክሰዋል» ይላል፤ ሁለተኛው መንገድ «ከሁሉ በላይ የተጎዳውን እዩ» ይላል። የትኛው ይሻላል የሚለውን ኮምፒውተር አይመልስላችሁም። እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ይህ ነጥብ ነው፤ ፖለቲካው የተደበቀው ቀመሩ ውስጥ ነው።

በነዚያው ዓመታት ሌላም መንገድ እየተጠረገ ነበር። የኢራቋ ሞሱል ተወላጅ ቶማስ ሳአቲ አማራጮችን ሁለት ሁለት እያደረጉ የማወዳደር ዘዴውን በ1970ዎቹ ለጎረቤታችን ለሱዳን የትራንስፖርት ዕቅድ ተጠቀመበት፤ የትኛው መንገድ፣ የትኛው ሐዲድ ይቅደም ለማለት። በ1983 ሁለት ተመራማሪዎች ዘዴውን ከፈዚ ቁጥሮች ጋር አጋቡት፤ ዛሬ በታዳጊ አገሮች ስለ ግድብና ስለ ቆሻሻ መጣያ ቦታ የሚጻፉ ብዙ ጥናቶች የዚህ ጋብቻ ልጆች ናቸው። ሳአቲ ራሱ ግን አልወደደውም። የሰው ፍርድ ቀድሞውኑ ድብዝዝ ነው፣ ሌላ ድብዝዝነት ስትደርቡበት መልሱ አይሻሻልም ሲል በ2007 ተቃውሞውን ጻፈ። በእኔ ግምት ብዙ እውነት አለው።

ወደ ድህነት እንምጣ። 1990 ላይ ሁለት ነገር ገጠመ። የዓለም ባንክ በዚያ ዓመት ሪፖርቱ በ1985 ዋጋ ሁለት መስመር አሰመረ፦ በሰው በዓመት ከ370 ዶላር በታች ድሃ፣ ከ275 በታች እጅግ ድሃ። 370ው ለ365 ቀን ሲካፈል አንድ ዶላር አካባቢ ነው፤ «በቀን አንድ ዶላር» የሚባለው ነገር የመጣው ከዚህ ነው። የላይኛው መስመር ዝነኛ ሆነ፣ የታችኛው ተረሳ። በዚያው ዓመት ጣሊያናውያኑ ቼሪዮሊና ዛኒ ድህነትን በፈዚ ስብስብ የሚለካ ጽሑፍ አወጡ። ከታችኛው መስመር በታች ያለ ሰው 1 ነው፣ ከላይኛው በላይ ያለ 0 ነው፣ በመካከል ያለው ቀስ እያለ ይቀንሳል።

የባንኩን ሁለት መስመሮች በእነሱ መንገድ እንሞክራቸው። ባንኩ ይህን አላደረገም፣ እኔ ነኝ። በዓመት 300 ዶላር የሚያገኝ ሰው ከላይኛው መስመር 70 ይጎድለዋል፤ በሁለቱ መስመሮች መካከል ያለው ርቀት 95 ነው፤ 70 ለ95 ሲካፈል 0.74። 360 የሚያገኘው 0.11 ይሆናል። 371 ያለው ደግሞ 0። በ369ና በ371 መካከል ያለው ገደል ጠፋ ማለት ነው። የዓለም ባንክ መስመር በኋላ ከ1.25 ወደ 1.90፣ ወደ 2.15፣ በ2025 ደግሞ ወደ 3 ዶላር ሲሸጋገር ስንቱ ሰው ኪሱ ሳይነካ በአንድ ሌሊት ወረቀት ላይ ድሃ እንደሆነ አስቡት።

ግን እኮ 275 እና 370 የሚለውን ማን ቆረጠ? አንድ መስመር ሸሽተን ሁለት ላይ ወደቅን። ሞዛፋር ቂዝልባሽና ዴቪድ ክላርክ በደቡብ አፍሪካ ይህንን በሌላ በኩል ሞከሩት። ለመኖር ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ድሆቹን ራሳቸውን ጠየቁ። መልሱ እንደየሰው ይለያያል፤ ስለዚህ በዝቅተኛው መልስ እንኳ ድሃ የሚባለው ሰው ያለ ጥርጥር ድሃ ነው፣ የቀረው የሚያከራክር ነው ብለው ለዩ። ለሰው ነጥብ ከመስጠት ይልቅ የክርክሩን ድንበር ለካው ልትሉ ትችላላችሁ።

አሁን ወደ ቀበሌያችሁ ተመለሱ። በ2002 እና በ2003ቱ ድርቅ በኢትዮጵያ ከ13 ሚሊዮን በላይ ሰው እርዳታ ፈላጊ ሆነ። በየዓመቱ ርዳታ ከመለመን ችግሩ ቋሚ ለሆነባቸው ቤተሰቦች አስተማማኝ ድጋፍ ይሻላል ተባለና በጥር 1997 ዓ.ም. የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ተጀመረ፤ በመጀመሪያው ዓመት ወደ 5 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው አቀፈ። መስፈርቱ ያ የሦስት ወር የምግብ ክፍተት ነበር፣ ለሦስት ዓመት የተደጋገመ። ለአንድ የተመዘገበ ሰው በወር አምስት የሥራ ቀን ይታሰባል፤ ለቀኑም መጀመሪያ ላይ 6 ብር ወይም 3 ኪሎ እህል ነበር የሚከፈለው። መሥራት ለማይችሉት የቀጥታ ድጋፍ አለ።

ኮታው ከላይ ይወርዳል፤ ስም የሚመርጡት ግን ጎረቤት የሚያውቃቸው የመንደሩ ሰዎች ናቸው። እነሱስ ምን አደረጉ መሰላችሁ? በብዙ ቦታ ቤተሰቡን ከፍለው መዘገቡት። ስድስት ሰው ያለበት ቤት አራት ተብሎ ይያዛል። በእኛ ምሳሌ 60 ቤተሰብ በአራት በአራት ሲሆን 240 ይሞላል፤ ውጭ የሚቀሩት ከሁሉም የተሻሉት አስሩ ብቻ ይሆናሉ። እንዲህ ያለ ኮሚቴ የዛዴህን ስም ሰምቶ አያውቅም ይሆናል። ያደረገው ግን ቁልጭ ያለ ከፊል አባልነት ነው፦ እያንዳንዱ ቤት 4 ለ6፣ ማለትም 0.67 አባል።

የፕሮግራሙ ባለሙያዎች ይህን አልወደዱትም፤ ድጋፉን ያቀጥነዋል ብለው ቤተሰቡ ሙሉ በሙሉ ይመዝገብ የሚል መመሪያ አጠበቁ። ምክንያታቸው ቀላል አይደለም። ለስድስት ሰው 90 ኪሎ መድረስ የነበረበት ቤት 60 ሲደርሰው ክረምቱን አያሻግረውም፤ ፍየሏ መሸጧ አይቀርም። የኮሚቴውም ምክንያት ቀላል አይደለም። ነገ በደቦና በእድር የሚፈላለጉትን ጎረቤቶች በአስር ቀን ልዩነት ለይቶ አንዱን ማስገባት፣ ሌላውን ማስወጣት በከተማ ቢሮ ያለ ሰው የሚያቀለው ነገር ነው።

እኔ ኮሚቴው የተሳሳተው በመክፈሉ አይመስለኝም፤ ሁሉንም እኩል በመክፈሉ ነው። ያለ ጥርጥር ችግረኛ የሆኑት 20 ቤተሰቦች ስድስቱም ቢመዘገቡ 120 ሰው ነው። የሚያከራክሩት 40 ቤተሰቦች በግማሽ፣ በሦስት በሦስት ቢመዘገቡ ሌላ 120። ድምሩ ያው 240፣ የተደረሰውም ያው 60 ቤተሰብ፤ ግን ከሁሉ የባሰባቸው ላይ አልተቀነሰም። በወረቀት ላይ ያምራል። ስብሰባው ላይ ቆሞ «የእርስዎ ረሃብ ግማሽ ነው» የሚለው ሰው ማን እንደሚሆን ግን ወረቀቱ አይናገርም። ሃያዎቹ ከአርባዎቹ የሚለዩበትም ቦታ ራሱ መስመር ነው፤ ለውጡ እዚያ ላይ የሚፈጸም ስህተት ቤተሰቡን ሙሉ ድጋፉን ሳይሆን ግማሹን ማሳጣቱ ነው።

ፕሮግራሙም በኋላ ላይ የራሱን ቁርጥ አወጣ፦ ከአንድ ቤት ከአምስት ሰው በላይ አይመዘገብም። ስድስት ሰው ባለበት ቤት ሙሉ ምዝገባም አምስት ለስድስት፣ 0.83 ሆነ።