አዲስ አበባን ሊያስፈርሳት የነበረው የማገዶ እጦት

ዋና ከተማ ማገዶ አጥቶ ሊፈርስ ይችላል? ዛሬ ስንሰማው ቀልድ ይመስላል። አዲስ አበባ ግን ከተቆረቆረች 15 ዓመት እንኳ ሳይሞላት እዚህ አደጋ ላይ ደርሳ ነበር። ካተረፏት ነገሮች አንዱ ደግሞ ከአውስትራሊያ የመጣ ዛፍ ነው። (እዚህ የምታነቧቸው ዓመታት በሙሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ምድጃውን እናስብ። በደጋ አገር ሦስት ጉልቻ ላይ የሚነደው እሳት ሁለት ሥራ ነበረው፤ ወጡን ያበስላል፣ ቤቱንም ያሞቃል። የእንጦጦ ተራራ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል፤ ሌሊቱ ብርድ ነው። ማገዶውን ደግሞ አብዛኛው ሰው አይገዛውም፤ በዙሪያው ካለው ጫካ ይለቅማል፣ ይቆርጣል። በነጻ!

ነጻ ነገር ግን አንድ ችግር አለው፤ ሰው ሲበዛ እየራቀ ይሄዳል። እንጨቱ 3 ኪሎ ሜትር ላይ ሲገኝ ደርሶ መልሱ 6 ነው። 10 ኪሎ ሜትር ሲርቅ ግን 20 ሆነ፤ ቀኑ በመንገድ አለቀ ማለት ነው። ጫካን እንደ ቁጠባ ደብተር ቁጠሩት። በየዓመቱ የሚያድገው ወለዱ ነው፣ የቆመው ግንድ ደግሞ ዋናው ገንዘብ። ጥቂት ጎጆዎች ወለዱን ብቻ በልተው መኖር ይችላሉ። ከተማ ሲሆን ግን ዋናውን መብላት ይጀምራል።

ከተማው ወደ እንጨቱ ሲሄድ

የድሮ ነገሥታት መፍትሔ ቀላል ነበር፤ ድንኳን መንቀል። ከ1512 እስከ 1518 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ውስጥ የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የአጼ ልብነ ድንግል ቤተ መንግሥት ከቦታ ቦታ የሚዘዋወር የድንኳን ከተማ እንደነበር ጽፏል። የታሪክ ተመራማሪዎች ለዚህ ዝውውር ከሚሰጧቸው ምክንያቶች አንዱ የማገዶና የስንቅ ማለቅ ነው።

አጼ ምኒልክም ይህን ልማድ የወረሱ ንጉሥ ናቸው። ከአንኮበር ተነሥተው እንጦጦ ላይ ከተሙ፤ በ1879 ዓ.ም. ደግሞ ፍልውሃው ያለበትን ሜዳ እቴጌ ጣይቱ ወደዱትና አዲስ አበባ ተቆረቆረች። ወዲያው መኳንንቱ፣ ወታደሩ፣ ነጋዴው ጎረፈ። የእንጦጦ ጥድና ወይራ ለቤት ግንባታና ለማገዶ እየተጨፈጨፈ ተራራው ተራቆተ። ስለዚህ በ1890ዎቹ መጀመሪያ ምኒልክ ወደ ምዕራብ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀው፣ ደን ያለበት ቦታ ላይ አዲስ ዋና ከተማ ማሠራት ጀመሩ። ስሙ አዲስ ዓለም ተባለ።

ታዲያ ለምን አልሄዱም? አንደኛ፣ አዲስ አበባ እንደ ድንኳን የምትነቀል አልነበረችም። የድንጋይ ቤቶች ተሠርተውባታል፤ የውጭ አገር መልእክተኞችም ገንዘባቸውን አፍሰውባታል። ሁለተኛው ምክንያት ባሕር ዛፍ ነው። አዲስ ዓለም የተጀመረው ቤተ መንግሥትም በኋላ ቤተ ክርስቲያን ሆነ።

ከባሕር ማዶ የመጣው ዛፍ

ባሕር ዛፍ ማለት ባሕር ተሻግሮ የመጣ ዛፍ ማለት ነው። ወደ አገራችን የገባው በ1880ዎቹ መጨረሻ ገደማ ሲሆን፣ ብዙዎች ያመጣው ሞንዶን ቪዳይሌ የተባለ ፈረንሳዊ ነው ይላሉ፤ ሌላ ስም የሚጠሩም አሉ። ዋናው ነገር ጠባዩ ነው። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ለአጠናና ለማገዶ ይደርሳል። ሲቆረጥ ከጉቶው እንደገና ያቆጠቁጣል። ቅጠሉን ከብት አይበላውም። መንግሥትም ችግኝ በርካሽ እየሰጠና ግብር እያቃለለ ሰው እንዲተክል አበረታታ። ከተማዋ ብዙም ሳይቆይ በባሕር ዛፍ ተዋጠች። ምድር ቤቱ ሁሉ ሲሸፈን ደግሞ «ውሃ ያደርቃል» የሚል ስሞታ መጣ፤ ይህ ክርክር እስከ ዛሬ አላለቀም።

ግን እኮ አሁን እንጨቱ ባለቤት አለው። የተተከለ ዛፍ እንደ ዱሮው ጫካ የሁሉም አይደለም። በመኳንንትና በባለርስቶች እጅ የነበረው የእንጦጦ ደን ከ1967ቱ የመሬት አዋጆች በኋላ ወደ መንግሥትና ወደ ማኅበራት እጅ ገባ። ለድሃ የቀረለት ወድቆ የደረቀው ጭራሮና የረገፈው ቅጠል ነው። እሱንም ቢሆን ከጥበቃ ዐይን ተደብቆ የሚለቅም ብዙ ነበር።

እዚህ ላይ ትንሽ ሳይንስ እንጨምር። ጭራሮ የድሃ ማገዶ ይባል እንጂ ጥሩ ማገዶ ነው። አሁን የተቆረጠ እርጥብ እንጨት ክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውሃ ሊሆን ይችላል። ያንን ውሃ እሳቱ መጀመሪያ ማትነን አለበት፤ ለአንድ ኪሎ ውሃ 2.6 ሜጋ ጁል ገደማ ይባክናል። ለዚህ ነው እርጥብ እንጨት የሚጨሰውና ዐይን የሚያስለቅሰው። ደረቁ ግን ቶሎ ይያያዛል፣ ተሸካሚዋም ውሃ በጀርባዋ አትሸከምም። የባሕር ዛፍ ቅጠል ደግሞ ዘይት ስላለው ቦግ ብሎ ይነዳል፤ የእንጀራ ምጣድ የሚወደው ይህንኑ ነው።

ይህን ማገዶ ከእንጦጦ ወደ ከተማ ያወረዱት በአብዛኛው ሴቶች ናቸው። አንድ ሸክም ብዙ ጊዜ ከ30 ኪሎ ይበልጣል። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ ሞልታችሁ አንሡት፤ በዚያ ላይ ግማሽ ጨምሩበት፤ ከዚያ ይህን ታቅፋችሁ ሳይሆን ጀርባችሁ ላይ አስራችሁ ቁልቁለቱን ስትወርዱ አስቡት። ቅጠሉ ሁሉ ተጠርጎ ሲወሰድ ደግሞ አፈሩ ልብሱን ያጣል፤ የክረምቱ ዝናብ ሲመጣ ይሸረሸራል።

እንግዲህ የአዲስ አበባን ታሪክ ስናነብ ነገሥታቱንና አዋጆቹን ብቻ ሳይሆን ይህንንም መንገድ እንቁጠረው። ከተማዋ ሳትነቀል የቀረችው ዛፍ ስለተተከለ ብቻ አይደለም። በየቀኑ ተራራ ወጥቶ፣ ጭራሮ ለቅሞ፣ በጀርባው የሚያወርድላት ሰው ስለነበረም ነው። «ነጻ» የተባለው ማገዶ ዋጋ የተከፈለው በእነሱ ጉልበት ነው።