የጎንደር ጯሂዎችና የጄምስ ብሩስ ግምት

ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ጎንደር የገባው በየካቲት 1762 ዓ.ም. ነው። ራስ ሚካኤል ስሑል አንጋሽም አውራጅም የሆኑበት፣ ወጣቱ ዳግማዊ ዐፄ ተክለ ሃይማኖት ዙፋን ላይ የነበሩበት ዘመን ነበር። እኔን የያዘኝ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው ባለ 5 ቅጽ መጽሐፉ የመዘገበው ጩኸት ነው።

ብሩስ እንደሚለው በቤተ መንግሥቱ በርና መስኮት ሥር ከማለዳ እስከ ማታ አቤት ባይ አይጠፋም ነበር። ሁሉም በየቋንቋው ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ሆድ በሚያባባ ዜማ ፍትሕ ይለምናል። በክረምት ዝናቡና ጭቃው መንገዱን ዘግቶ ባለጉዳይ ሲጠፋ ደግሞ ሥራቸው መጮኽ ብቻ የሆነ ሰዎች ይቀርባሉ። ምክንያቱን ሲጠይቅ፣ ግቢው ጭር ብሎ ንጉሡ ብቸኝነት እንዳይሰማቸው ለክብራቸው ነው ብለው መለሱለት። ንጉሡም ፈረንጁ በጩኸቱ እንደሚማረር ስላወቁ፣ እንባቸውን እያፈሰሱ ፍትሕ የሚጠይቁ ጯሂዎችን ወደ ደጁ እየላኩ ይጫወቱበት ነበር። ብሩስ አንዱን ምን በደል ደረሰብህ ቢለው፣ ምንም አልተበደልኩም፣ ብቻህን ሆነህ እንዳትተክዝ ጩኽለት ተብዬ ነው የመጣሁት አለው።

ብሩስ ይህን ልማድ እርባና ቢስ ይለዋል። እኔ ግን የመለሱለትን ሰዎች አምናለሁ። የተበደለ የማይጮኽበት ግቢ ዳኛ እንደሌለው ይቆጠራል፤ ጩኸቱ መቋረጡ ለንጉሡ ስም አደጋ ነበር።

ክርክሩ የሚነሳው ከዚህ በኋላ ነው። ብሩስ የአማርኛውን ጩኸት «ሬቴ ኦ ጃን ሆይ» ብሎ ጽፎታል። የመጀመሪያው ቃል «ርትዕ» ይመስላል፤ ሙሉው ጩኸት ንጉሥ ሆይ፣ ፍርድ ስጠኝ ማለት ነው። ይህ ቶሎ ቶሎ ሲባል የውጭ ሰዎች የንጉሡ ስም መስሏቸው «ፕሬቴ ጃኒ» አሉት፤ አውሮፓን ለዘመናት ያስደነቀው የቄሱ ንጉሥ የዮሐንስ ስም የመጣው ከዚህ ነው ይላል። ግምቱ ያጓጓል፣ ዘመኑ ግን አይገጥምም። የፍራይሲንጉ ጳጳስ ኦቶ ስለዚህ ንጉሥ እ.ኤ.አ. በ1145 ሲጽፍ አገሩን ከፋርስና ከአርመን ባሻገር በምሥራቅ አድርጎታል። አውሮፓውያን ስሙን ወደ ኢትዮጵያ ያዛወሩት ዘግይተው፣ በ14ኛው መቶ ዓመት ነው። ስለዚህ ብሩስ የሰማውን ጩኸት አምነን፣ ከጩኸቱ ያወጣውን የስም ታሪክ ብንተወው ይሻላል።

በጩኸቱ ውስጥ ያለው «ጃን» ከየት መጣ? በአገውኛ ካለው የዝሆን ስም ጋር የሚያያይዙት አሉ። ጃን ሜዳ፣ የጎንደሩ ጃን ተከል ዋርካ፣ ጃን አሞራ ሁሉም ቃሉን ይዘውታል።

ጩኸቱ ከጎንደር ጋር አልቀረም። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሲያልፉ አቤት ባይ ማመልከቻውን ይዞ መኪናቸው ፊት ይወድቅ፣ «ጃንሆይ!» እያለ ይጮኽ ነበር። ዛሬ ባለጉዳይ የሚጽፈውን ወረቀት «አቤቱታ» የምንለው ከዚያው «አቤት» ወስደን ነው፤ አቤቱታ እንዲቀበል በአዋጅ ቁጥር 211/1992 ለተቋቋመውም መሥሪያ ቤት «እንባ ጠባቂ» የሚል ስም ሰጥተነዋል። አሁን ግን በአዲስ አበባ ዳር ባለው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚዞረው «ቆራሌው!» ባዩ አሮጌ ዕቃ ገዢ ነው፤ ነዋሪው ችግሩን በወረቀት ጽፎ ያስገባል።

ንጉሠ ነገሥቱ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከዙፋናቸው ከመውረዳቸው በፊት መንገድ ዳር ቆመው የተጣሯቸው ሰዎች ዛሬም በመካከላችን አሉ። ኮዬ ፈጬ ደግሞ ከየሰፈሩ የመጣ ሰው አንድ ላይ የሚኖርባት ናት። በየብሎኩ ያላችሁ ወጣቶች፣ አያቶቻችሁን ምን ብለው እንደጮኹ፣ በምን ዜማ እንደጮኹ፣ መልስ አግኝተው እንደሆነ ጠይቋቸው፤ ድምፃቸውንም በስልካችሁ ቅረጹ።